የባዶ መሬት ድንጋጌ

የቅኝ ግዛት ዘመን ግፍ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው አለንጋና ሰንሰለት ነው። በኮንጎ ግን ከአለንጋው የቀደመ ወረቀት አለ። የቤልጅጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ በበርሊኑ ጉባኤ ሰሞን የኃያላኑን እውቅና አግኝቶ ከአገሩ ሰባ እጥፍ የሚበልጥ ምድር በግሉ እንደያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባለቤት የሌለው መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ ደነገገ። ባለቤት የለውም የተባለው ሰው ያልሰፈረበትና ያላረሰው ነው። የአገሩ ገበሬ ግን ጥቂት ዓመት አርሶ መሬቱን ያሳርፋል፤ ከጫካው ያድናል፣ እንጨትና መድኃኒት ይለቅማል። ያረፈው ማሳም ጫካውም በአንድ ፊርማ ባዶ ተባሉ። በኮንጎ ላይ የወረደው መከራ ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሁሉ የእኔ ነው የሚል፣ ለሕዝቡ ግን አንዳች ዕዳ የማያውቅ መንግሥት ተተከለ።

የቀረው ከዚህ ተከትሎ መጣ። በ1888 ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ ካወጣ በኋላ የጎማ ዋጋ ሲንር፣ የኮንጎ ጫካ በጎማ ሐረግ የተሞላ ነበር። ጫካው የመንግሥት ከሆነ ሐረጉም የመንግሥት ነው፤ ለሌላ ነጋዴ የሸጠ ሌባ ነው፤ ለመንግሥት መልቀም ደግሞ ግብር ነው። ወንዶቹ ኮታቸውን እስኪያመጡ ሚስቶቻቸው በመያዣነት ይታሰሩ ነበር። እምቢ ባለው መንደር ላይ ወታደር ይዘምታል፤ ጥይት ለአደን እንዳይባክን ተብሎም በብዙ ቦታ ለተተኮሰው ጥይት የሟች ቀኝ እጅ እንዲያስረክብ ይጠየቃል። እጆቹ እንዳይበሰብሱ በጢስ ይደርቁ ነበር። ጥይቱን ለአውሬ ያዋለው ወታደር ደግሞ ሒሳቡን ለማሟላት ከቁም ሰው ላይ ይቆርጣል። ይህ የጥቂት ዕብዶች ጭካኔ ቢሆን ኖሮ መዝገብና ርክክብ ባላስፈለገው ነበር። ጉዱን ካጋለጡት አንዱ ኤድመንድ ሞረልም የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። በአንትወርፕ ወደብ ሒሳቡን ሲያመሳክር፣ ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ሞልተው፣ የሚመለሱት ግን ባመዛኙ ጠመንጃና ጥይት ጭነው አገኛቸው። የሚገበያይ ሰው በለውጡ ሸቀጥ ይልካል፤ እዚያ ግን ንግድ አልነበረም።

ይህ የአንድ ስግብግብ ንጉሥ ሥራ ነው፣ በ1908 የቤልጅግ መንግሥት አገሩን ተረክቦ አስተካክሎታል የሚሉ አሉ። እጅ መቁረጡ በእርግጥ ቀርቷል፤ ሐኪም ቤትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ተስፋፍቷል። ከማታዲ ወደ ሊዮፖልድቪል በ1898 የተጠናቀቀው ባቡርም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አልቀውበት ቢሆንም፣ ዛሬም ለአገሩ ይጠቅማል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሆኖም የጥንቱ መርሕ አልተነካም። የካታንጋ መዳብ በማዕድን ኩባንያው በዩኒዮን ሚኒዬር እጅ ቆየ፤ ሰፊው የዘንባባ ደን ለሌቨር ኩባንያ ተሰጠ፤ ገበሬው ጥጥ እንዲዘራ ተገደደ። ከሁሉ የሚከብደኝ ማስረጃ የ1960ው ነው። ነፃነት በታወጀበት ሰኔ በመላው ኮንጎ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት ከሠላሳ አይበልጡም፤ በጦሩ ውስጥ አንድም ኮንጎዊ መኮንን አልነበረም። ሕዝቡን ለመንግሥትነት ማብቃት ግዴታዬ ነው ያለ አገዛዝ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ቁጥር አያስረክብም። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ጃንሰንስ በሳምንቱ ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ» ብሎ ለወታደሮቹ ጻፈ። ወታደሮቹ አመፁ፤ በቀናት ውስጥ ባለመዳቡ ካታንጋ ተገነጠለ፤ የኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ስም ወደዚያ ዘመቱ። ጥር 1961 የነፃይቱ ኮንጎ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ በካታንጋ ምድር፣ የቤልጅግ መኮንኖች ባሉበት ተረሸነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የራሳቸው ጥፋት ነው የሚለው ሙግት ይጠነክራል። ሞቡቱ ኮንጎዊ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ገዝቶ አገሩን መዝብሯል፤ ማንም ቅኝ ገዥ ከዚህ ተጠያቂነት አያወጣውም። ነገር ግን የዘረፈበትን መሣሪያ እንመልከት። በ1966 የወጣው የባካጂካ ሕግ መሬትንና የምድርን ሀብት ከውጭ ኩባንያዎች እጅ ሲያስመልስ ዓላማው ተገቢ ነበር፤ ሀብቱ የተመለሰው ግን ለገበሬው ሳይሆን ለመንግሥት ነው። ሊዮፖልድ የተከለው ሥልጣን ባለቤት ቀየረ እንጂ አልፈረሰም። ሞቡቱን ያቆዩት ምዕራባውያንም ማዕድኑን የሚፈርምላቸው አንድ ሰው በቂያቸው ነበር።

የቤልጅጉ ንጉሥ ፊሊፕ በ2020 ለደረሰው ግፍ ጥልቅ ጸጸቱን ገለጸ። ጉዳዩን የመረመረው የቤልጅግ ምክር ቤት ኮሚሽን ግን በ2022 መጨረሻ ይቅርታ በሚለው ሳይስማማ ተበተነ፤ ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ይቅርታው የካሣ ጥያቄ ያስከትላል የሚል ስጋት ነበር።