የሚበላበት ቀለም

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት የቀይ አፈሩን ሳህኖች አገላበጥኩ። ጥር ለሸክላ ሠሪ ያስቸግራል፤ ቀኑ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና መኻሉ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሳህኑ ይጣመማል፣ ወይም ከዳር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠርዛቸውን በፌስታል ሸፍኜ መኻላቸውን ገልጬ ተውኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ እማማ መጡ። አንዱን ሳህን አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አስጠጉት። «ገና ነው፣ ልጄ፤ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ውኃው ያልለቀቀው ሸክላ ፊት ላይ ሲያስጠጉት ብርዱ ይታወቃል። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስትና ወጪት የሠሩት ያለ መሽከርከሪያ ነው፤ ጭቃውን በእጃቸው እየሳቡ፣ ራሳቸው እየዞሩት። እኔም እጄን ያቀናሁት እሳቸውን እያየሁ ነው።

ጥር 9

ነጩን መደብ ቀባሁ። ቀይ ሸክላ ላይ በቀጥታ ቢጫና ሰማያዊ ቢያሳርፉበት ቀለሙ ይዋጣል፤ ከሥር ነጭ ያስፈልገዋል። ለመደቡ ከጉጂ ምድር ከቦምቦዋ የሚወጣውን ካኦሊን ከሌላ የሚያያይዝ ሸክላ ጋር በጥብጬ እጠቀማለሁ። የሚቀባው ዕቃው ጠንከር ብሎ፣ እርጥበቱ ግን ገና ሳይለቀው ነው። ዕቃውና መደቡ አብረው ካልተኮማተሩ መደቡ በኋላ ይላጣል።

ከዚያ በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስጌ የምናየውን ሐረግ በጠርዙ ዙሪያ አወረድኩት። ነጩን በሹል ብረት እየጫርኩ ቀዩን አፈር አወጣሁ፤ አረንጓዴውንና ቢጫውን በብሩሽ ሞላሁ። መኻሉን ባዶ ተውኩት። ጥለት የነጠላን ዳር እንደሚይዝ የሳህንም ጌጥ ጠርዙን ይይዛል፤ መኻሉ የወጡ ነው። የዶሮ ወጥ ቅላትና የአይብ ንጣት የራሳቸው ቀለም አላቸው፤ ሳህኑ ሊሻማቸው አይገባም።

ጥር 18

የመጀመሪያው እሳት። ኪልኑን፣ የሸክላ ማቃጠያ ምድጃዬን፣ ቀስ እያልኩ አሞቅኩት። በ573 ዲግሪ አካባቢ በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት ይለጠጣል፤ ያን በር በጥድፊያ ያለፈ ዕቃ ይሰነጠቃል። መኻል ላይ መብራት ሄደ። ክዳኑን አልነካሁም። የኪልኑ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ በዝግታ ነው የሚወርደው፤ ዕቃውን የሚጎዳው በድንገት የሚገባ ብርድ ነው። ማታ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠልኩና 1000 ዲግሪ አደረስኩት።

እማማ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት ነው የሚያቃጥሉት። እሳቱ ከእኔው ያነሰ ስለሆነ ሸክላቸው ውኃ ይመጥጣል፤ አዲስ ድስትና ምጣድ ሳይሟሽ ሥራ ላይ የማይውለውም ለዚህ ነው። የጎመን ዘር ተወቅጦ ምጣዱ ላይ የሚታሸው ቀዳዳውን እንዲደፍን ነው። የእኔን ሳህን ቀዳዳ የሚደፍነው ግሌዝ የምንለው መስታወት መሰል ልባስ ነው።

የካቲት 1

ግሌዙን አዘጋጀሁ። ኮባልት በጥሬው ጥቁር ዱቄት ነው፤ ከእሳት ሲወጣ ሰማያዊ ይሆናል። መዳብ አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ፣ ብረት ከቢጫ እስከ ቡናማ ይሰጣል።

ሰው የሚበላበት ዕቃ ላይ ግን ውበት ብቻውን አይበቃም። በ9ኛው መቶ ዘመን የባስራ ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ነጭ ዕቃ ለመምሰል ግሌዛቸውን በቆርቆሮ አነጡ፤ ጥበቡ ወደ ስፔንና ወደ ጣልያን ተሻገረ። ጣልያናዊው ቺፕሪያኖ ፒኮልፓሶ በ1550ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣልያኖቹን አሠራር በሥዕል አስደግፎ ጽፏል። ያ ሁሉ ደማቅ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ነበረበት፤ እርሳስ በትንሽ እሳት ይቀልጣል፣ ቀለምም ያደምቃል። ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ግን ከግሌዙ እየወጣ ምግብ ውስጥ ይገባል፤ መዳብ ከታከለበት ደግሞ ይብሳል። የእኛ ገበታ ደግሞ ኮምጣጣ ነው፦ እንጀራው፣ ሎሚው፣ ቲማቲሙ። ስለዚህ በእርሳስ ፋንታ ቦሮን ያለበት ፍሪት፣ ቀልጦ የተፈጨ የመስታወት ዱቄት፣ እገዛለሁ።

የተቆረጠ ሎሚ በሳህን ላይ አሳድራለሁ፤ ሲነጋ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ከተለወጠ ያ ግሌዝ ለምግብ አይሆንም። ይህ ፈተና ግን እርሳስን አይገልጥም፤ እርሳስ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም። መድኃኒቱ ከሥራ ቤቱ በር አለማስገባት ነው።

የካቲት 8

ሁለተኛው እሳት አልቆ ኪልኑን ከፈትኩ። ሐረጉ አምሯል፤ አረንጓዴው ቢጫውን ሳይበክል ቆሟል። ከሳህኖቹ ጥቂቶቹ ሲቀዘቅዙ ጠሽ ጠሽ ይሉ ጀመር፤ ግሌዙ ከሸክላው አብልጦ ተኮማትሮ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ እያወጣ ነው። በዚያ ስንጥቅ የገባ ወጥ በእጥበት አይወጣም። ደንበኛ ጌጥ ነው ብሎ ሊወደው ይችላል፤ እኔ ግን ለምግብ አልሸጠውም። መኮማተሩ እንዲቀንስ ለሚቀጥለው ግሌዝ ሲሊካ እጨምራለሁ።

የካቲት 14

እማማ የሠሯቸውን ወጪቶች ከእኔ ሳህኖች ጎን ልሸጣቸው ተስማማን። ከወጪቶቹ ሥር የእማማን ስም ልጽፍ ጠየቅኳቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ፤ በየቤታችን በሸክላው እየበላን ሠሪውን ስናርቅ ኖረናል። ስም የተጻፈበት ዕቃ ክብሩንም ኃላፊነቱንም ለባለቤቱ ይሰጣል፤ የሚበላበት ሰው ማን እንደሠራለት ያውቃል፣ ችግር ቢገጥመውም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

እማማ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው የእናቴንም ጻፊበት፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሁለቱንም ስም እጽፋለሁ፤ በእኔ ሳህኖችም ሥር ከእኔ ስም ቀጥሎ የእሳቸው ይገባል።