የወለጋ መንገድና የሞተር ሳይክል ነጂ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን፣ አምቦንና ባኮን አልፈን፣ በስሬ በኩል ነቀምት እንገባለን። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የሚገኝባት ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ኮረብታማ ምድር ላይ ናት። በጎዳናዎቿ አህያ፣ ባጃጅ፣ የጭነት መኪናና ሞተር ሳይክል እየተጋፉ ያልፋሉ። ለገጠሩ የጤናና የግብርና ሠራተኛ፣ ለነጋዴውም ሆነ ለመምህሩ ሞተር ሳይክል እግር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው መንዳት ለጀመሩ፣ አቋርጠው ለተመለሱ፣ እንዲሁም ልጃቸውን ወይም ባላቸውን መንገድ መንገድ እያዩ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ነው።

ከነቀምት እስከ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በዲጋ በኩል ደጋውን እየለቀቀ ወደ ዲዴሳ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ወደ ጊምቢ ሽቅብ ይወጣል። ጠዋት በጉምና በብርድ የተነሳ ነጂ ጥቂት ቆይቶ በቆላ ሙቀት ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። በቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ እንቆጥባለን ብለው ማርሽ ፎሌ የሚያደርጉ አሉ። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ይይዛል፤ በፎሌ ሲወርዱ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግልና ይደክማል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ማወቅም ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ላም ከፊቱ ስትገባ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያች ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ሄዷል።

በወለጋ ክረምቱ ረጅም ነው። ከገጠር መንገድ የሚወጡ መኪኖች ቀዩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያራግፉታል፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፍጥነትን መቀነስ የሚገባው ጭቃው ላይ ሳይደርሱ ነው። ከደረሱ በኋላ ፍሬንን ድንገት መጨበጥ፣ መሪንም መጠምዘዝ ለመውደቅ ያበቃል። ከመነሳት በፊትም የመንገዱን ሰላምና የተጣለ የሰዓት ገደብ ካለ መጠየቅ የመንገደኛ ብልህነት ነው።

አሁን ስለ ነጂው እንነጋገር። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በየቦታው የመረመረ ጥናት ታትሞ ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ የሚበልጡት በዚያው ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ከ5 ወር ያነሰ ነበር፤ በጠቅላላ የመንዳት ልምዳቸው ግን ወደ 3 ዓመት ይጠጋ ነበር። ይህ የሚያስተምረን ትልቅ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት የመሥሪያ ቤት ያማሃ ሲነዳ የኖረ ሰው ዛሬ ሌላ ሞተር ቢገዛ ለዚያ ሞተር አዲስ ነው። የፍሬኑን አያያዝና ክብደቱን እጁ ገና አልለመደውም። ስለዚህ ጀማሪም ሆነ ተመላሽ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሳያፈናጥጥ፣ መቆምንና መዞርን ደጋግሞ ይለማመድ።

በዚያው ጥናት ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ከ3ቱ በ2ቱ ቅድሚያ የነፈገው የመኪናው አሽከርካሪ ነበር። ብዙውን ጊዜም ሞተሩን አላየውም። ስለዚህ በቀንም የፊት መብራትን አብርቶ መንዳት፣ ደማቅ ልብስ መልበስ፣ ከቆመ መኪና አጠገብም ቀስ ብሎ ማለፍ ይገባል።

በቤታችን ደግሞ የምናስተካክለው ነገር አለ። የጀለቢያና የጅልባብ ጫፍ፣ የሻርፕም ዘርፍ በካቴናና በጎማ ውስጥ ይገባል፤ እህቶች ከመፈናጠጣቸው በፊት ልብሳቸውን ሰብስበው ከሥራቸው ያድርጉት። ሂጃብ ከሄልሜት ጋር አይጣላም፤ ቀጭኑን ያለ ወፍራም መርፌ ቁልፍ ከሥር አድርጎ ሄልሜቱን ከላይ ማጥለቅ ይቻላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ ጭንቅላት ላይ የመጎዳትን አደጋ ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። ይህ ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ከተቆለፈ ነው፤ በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት መሪውን እንጂ ጭንቅላትን አይጠብቅም። የሚፈናጠጠውም ሰው የራሱ ሊኖረው ይገባል።

በረመዳን ወቅት ለኢፍጣር ለመድረስ የሚደረገው ጥድፊያም ያሳስበናል። ጾመኛ ደክሟል፤ ብርሃኑም እየደበዘዘ ነው። ሦስት ቴምርና ውኃ በኪሱ የያዘ ሰው ባለበት ቆሞ ማፍጠር ይችላል፤ እናቱም ዘግይቶ በመድረሱ አትቆጣም።

የጉዞ ዱዓ ማድረግ ሰበብን ከመፈጸም ጋር ነው። ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ የሞተር ቁልፍ ስትሰጡ ሄልሜቱን አብራችሁ ስጡት፤ ማሰሪያውን ሲቆልፍም ቆማችሁ እዩት። አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን።