ኳስ የማይነካው ተከላካይ



ሐሙስ ማታ በምዕራብ ሜልበርን፣ በፉትስክሬይ አካባቢ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቃሉን እናጠናለን፣ እንጸልያለን፣ ከዚያ ቡና ይቀርባል። ቡናው ሲመጣ ወሬው ወደ ፉቲ ይዞራል። ፉቲ የሚባለው የአውስትራሊያ ሩልስ ፉትቦል ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። ልጆቻችን ግን እዚህ ተወልደው የዌስተርን ቡልዶግስን ማሊያ ለብሰው አደጉ፤ እኛም ጨዋታውን የተማርነው ከእነርሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ስለ አንድ ተከላካይ ክርክር ተነሣ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ የተመደበለትን አጥቂ ማፈን። ጥያቄው፣ እንዲህ ያለ ተጫዋች በቡድኑ ውስጥ ቦታ ይገባዋል ወይ የሚል ነበር።

ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት እናስረዳ። በሞላላ ሜዳ ላይ ከእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። በየጫፉ አራት ቋሚዎች አሉ። በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትቶ የገባ ኳስ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ በጎን በኩል ያለፈው ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው። ኦፍሳይድ የሚባል ሕግ የለም። ስለዚህ ተከላካዩ መስመር ጠብቆ አጥቂውን ማጥመድ አይችልም፤ ሰውየው በሄደበት ሁሉ አብሮት መሄድ አለበት። ኳሱ በአየር ሲመጣ አጥቂው ሊይዘው ይዘላል፤ ተከላካዩም አብሮ ዘሎ ኳሱን በቡጢ መትቶ ያባርረዋል። ለራሱ አይይዘውም፤ ሌላው እንዳይይዘው ብቻ ያደርጋል። በስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ ላይ ይህን የመሰሉ ሥራዎች የሚመዘገቡበት ስም “አንድ በመቶዎች” የሚል ነው።

ከመካከላችን ግማሾቹ “ኳስ ካልነካ ምን ይሠራል? በዛሬ ጊዜ ተከላካይም ኳስ ይዞ መሮጥ፣ ማጥቃትን መጀመር አለበት። ዝም ብሎ ሰው የሚከተል የቡድኑን ቦታ ያባክናል” አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ በመከልከል ብቻ ያሸነፈ ቡድን የለም። ሌሎቻችን ደግሞ “የተቃራኒው ምርጥ አጥቂ ያላገባቸውን ጎሎች ማን ይቈጥራል? የሌለ ነገር በሰንጠረዥ ላይ አይወጣም” ብለን መለስን። የዓመቱ ትልቁ የግል ሽልማት የሆነውን ብራውንሎው ሜዳልን አነሣን። በየጨዋታው ማብቂያ የሜዳ ዳኞች ለሦስት ተጫዋቾች 3፣ 2 እና 1 ድምፅ ይሰጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻም ብዙ ድምፅ ያገኘው ይሸለማል። ባለፉት ዓመታት ሽልማቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአማካዮች ነው የሄደው። የዳኛም ዓይን ኳሱ ወዳለበት ይሄዳል።

ክርክሩ እየሞቀ ሲሄድ አንዳችን “እንግዲህ ኳስ የማይነካ ሰው ተመልካች ነው፤ ልዩነቱ ትኬት አለመግዛቱ ብቻ ነው” አለ። ሁላችንም ሳቅን።

በማዕዘን የተቀመጠ አንድ ወንድም ነበር። እርሱም ፈገግ አለ። ሲኒዎቹን ሰብስቦ አጠበና ደህና እደሩ ብሎን ወጣ።

ይህ ወንድም በሕብረታችን መድረክ ላይ ቆሞ አያውቅም። አይሰብክም፣ አይዘምርም፣ ጸሎት ሲመራም አልሰማንም። ለስድስት ዓመት ያህል በየእሑዱ ጠዋት በመኪናው አረጋውያን እናቶቻችንን ከየቤታቸው ሰብስቦ ወደ አምልኮ ሲያመጣና ሲመልስ ኖሯል። እኛም ይህን እንደ አየር ቈጠርነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለሽማግሌያችን “ከእንግዲህ ከአገልግሎቱ ልረፍ። ደግሞም ስጦታ የለኝም” ብሎ ነገራቸው።

የመጀመሪያው እሑድ መጣ። ዝማሬው ጥሩ ነበር፤ ስብከቱም እንደዚሁ። በፊት ረድፍ ግን አራት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። በሁለተኛው እሑድም ባዶ ነበሩ። ያን ጊዜ ተራ ገብተን እኛው እንድናመጣቸው ወሰንን፤ ሥራው ምን እንደሆነ የገባንም ያኔ ነው። አንዷ እናት ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ የፊቱ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መገፋት አለበት። ሌላዋ ማን እንደሆነ ካላወቁ በር አይከፍቱም፤ ደወል መደወል ሳይሆን ከውጭ ቆሞ “እማማ” ብሎ መጣራት ያስፈልጋል። ሦስተኛዋ ቅዳሜ ማታ ካልተደወለላቸው ቀኑን ይረሳሉ። ይህን ሁሉ ያወቀው እርሱ ብቻ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረም ለማንም አልነገረም።

በሦስተኛው እሑድ ሞተር ልናስነሣ ስንል አንዷ እናት “ቆዩ እንጂ፣ ጸሎቱስ?” አሉን። የትኛው ጸሎት ብለን ጠየቅን። “እርሱ እኮ ሳይጸልይ አይነሣም። ለሰባኪው፣ ለመዘምራኑ፣ ለሐሙሶቹ ልጆች በየስማችሁ ይጸልያል” አሉ። መኪናው ውስጥ ዝም አልን። በስማችን ሲጸልይልን የኖረውን ሰው ነበር “ተመልካች” ብለን የሳቅንበት።

በዚያው ቀን ማታ ወደ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ሻይ አፍልቶ ተቀበለን። “በቀልዱ አልተቀየምኩም” አለ። “ሁላችሁም ስትስቁ ግን እውነት ነው ብዬ አመንኩ።” ከሰማናቸው ስብከቶች ብዙዎቹን ረስተናል፤ ይህን ቃል ግን አንረሳውም። ሰውን በክፋት ብቻ ሳይሆን በቈጠራችንም ልናቆስል እንችላለን።

ከዚያ በኋላ የራሳችን ቡድን ታሪክ ትዝ አለን። ቡልዶግስ በ1954 ዋንጫ ካነሣ በኋላ ለ62 ዓመት ጠብቋል። ኦክቶበር 1 ቀን 2016 በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ በፍጻሜው ከሲድኒ ስዋንስ ጋር ተጋጠመ። በመጨረሻው ሩብ ጨዋታው ገና በሚዛን ላይ ሳለ፣ የቡልዶግሱ ተከላካይ ዴል ሞሪስ የሲድኒውን ታላቅ አጥቂ ላንስ ፍራንክሊንን ተጠምጥሞ ያዘው። ኳሱ ከእጁ አመለጠ፤ ቶም ቦይድ አንሥቶ ከሩቅ መታውና ኳሱ እየነጠረ ገባ። ቡልዶግስ 89 ለ67 አሸነፈ። ያን ጎል ሰው ሁሉ የቦይድ ጎል ብሎ ያስታውሰዋል። ሞሪስ ያንን ጨዋታ የተጫወተው አከርካሪ አጥንቱ ተሰብሮ እያለ መሆኑ የተሰማው ግን በኋላ ነው።

በዚያ ቀን ሌላም ነገር ሆነ። አምበሉ ቦብ መርፊ በዓመቱ መጀመሪያ ጉልበቱ ተጎድቶ ፍጻሜውን አልተጫወተም። አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ግን ወደ መድረኩ ጠርቶት ለአሠልጣኝነቱ የተሰጠውን ሜዳል ከራሱ አንገት አውልቆ በመርፊ አንገት ላይ አጠለቀለት።

ቃሉን ለምታውቁ ይህ አዲስ አይደለም። በ1ኛ ሳሙኤል 30 ዳዊት ከ600 ሰዎች ጋር አማሌቃውያንን ሲያሳድድ 200ዎቹ ደክመው በወንዙ ዘንድ ቀሩ፤ ዕቃውንም ጠበቁ። ድሉ ሲመጣ ከተዋጉት መካከል ክፉዎቹ ‘አልዘመቱምና ከምርኮው አይካፈሉ’ አሉ። ዳዊት ግን ምርኮውን የሰጠን እግዚአብሔር ነው ብሎ፣ የተዋጋውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ይህም በእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን ልብ በሉ። ድሉ ስጦታ ከሆነ ማንም “የእኔ ድርሻ ይበልጣል” ሊል አይችልም። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ደካማ የሚመስሉት የአካል ብልቶች እጅግ የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ያስተምረናል።

ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ተከራካሪዎችም እውነት ነበራቸው። “የእኔ አገልግሎት ስውር ነው” እያልን መክሊታችንን የምንቀብር አለን። ስውር መሆንና ሥራ መፍታት አይመሳሰሉም። ሞሪስ ባይታይም ሰውየውን አልለቀቀም፤ ወንድማችንም ባይታወቅም ቅዳሜ ማታ ይደውል ነበር። በሁለቱም ዘንድ ያየነው ታማኝነት ነው።

ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ ይህን ስሙ። ምናልባት ሥራችሁን የሚቈጥርላችሁ የለም፤ ምናልባትም እናንተው ቈጥራችሁ ባዶ ሆኖባችኋል። ወንጌል በእኛ ሰንጠረዥ አይጀምርም። ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ በአብ ዘንድ ስላለን ጠበቃ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ይነግረናል። በቋንቋችን “ጠበቃ” የሚለው ቃል “ጠበቀ” ከሚለው ይወጣል። እርሱ በመስቀል ላይ ሲሰቀል ለተመልካቾቹ የተሸነፈ መሰላቸው፤ በእኛ ላይ ሊወርድ የነበረውን ግን በራሱ ላይ ተቀበለ። እርሱ የጠበቀው ሰው ዋጋው ከማንም ቈጠራ አይመጣም።

ወንድማችን ዛሬ በወር ሁለት እሑድ ያሽከረክራል። በቀሩት እሑዶች እኛ ተራ እንገባለን፤ እርሱም ከእናቶቹ አጠገብ ተቀምጦ ይዘምራል። ሞተር ከመነሣቱ በፊት እንጸልያለን፤ የምንጀምረውም በእርሱ ስም ነው።

እናንተም በዚህ ሳምንት ባይኖር ኖሮ ባዶ ወንበር የሚታይበትን አንድ ሰው አስቡ። ስልኩን አንሡና ንገሩት፤ እስኪያርፍ አትጠብቁ።

ጌታ ሆይ፣ አንተ እንደምታይ ማየትን አስተምረን። በሳቃችን ያሳነስናቸውን አጽናና። የሰጠኸንንም ስፍራ፣ ማንም ባያየን እንኳ፣ እስክትመጣ ድረስ በታማኝነት እንድንጠብቅ እርዳን። አሜን።