ካሳ፤ ከቆጋ ዳር እስከ ቤታችን

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ መራዊ ከተማ ይደርሳሉ። በዚያው አካባቢ የቆጋ ግድብ ውኃ ተንጣሎ ይገኛል። የቆጋ ወንዝ ከግልገል ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ጣና የሚገባ ነው። ግድቡ 7 ሺህ ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ሰማይ ሰማይ ያይ የነበረው የሜጫ ገበሬ ዛሬ በበጋም ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና አቮካዶ ያመርታል።

እዚህ አገር «ካሳ» የሚለው ቃል በሁለት በኩል ይሰማል። አንዱ በመሬት ጉዳይ ነው። ግድቡ ሲሠራ ማሳቸውና የግጦሽ መሬታቸው ውኃ የገባበት ሰዎች ነበሩ፤ በጠፋው ፈንታ የሚሰጠው ካሳ ይባላል። ሌላው በየቤቱ ነው። ካሳ፣ ካሴ፣ ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሰች፣ ካሳነሽ የጎጃም ብቻ ሳይሆኑ የአገሩ ሁሉ ስሞች ናቸው።

ካሰ ማለት የጠፋን ነገር በሌላ ተካ፣ ለተጎዳ ሰው የጉዳቱን ከፈለ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ለሟች ወገን የሚያስከፍሉትም ካሳ ነው። ትግርኛው «ካሕሳ» ይለዋል፤ ካሕሳይ የሚለው የትግርኛ ስም የእኛው «ካሳዬ» ነው። ከጣና በስተምዕራብ ካለችው ቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ይባሉ ነበር። በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም የቀድሞ ስማቸው ካሳ ምርጫ ነው።

ስሙ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሐዘን በኋላ ነው። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥላ የወለደችውን ካሳ ትለዋለች። አባት ወይም አያት በሞተ ሰሞን ለተወለደም ይሰጣል። የቅርብ ዘመዶች አሉት፤ ምትኩ በሄደው ቦታ ይቆማል፣ ማስረሻ ሐዘኑን እንዲያስረሳ ይለመናል። ካሳ ግን ጉዳት መድረሱን ይመሰክራል፣ ከፋይ መኖሩንም ያምናል። ከፋዩ እግዚአብሔር ነው። ከአንዱ ስም ወደ ሌላውም ስሜቱ ይለያያል። ካሳሁን ለሕፃኑ የሚነገር ልመና ነው፤ ካሳዬ «የእኔን አገኘሁ» ይላል፤ ካሰች ደግሞ ነገሩ ተፈጸመ፣ እንባው ታበሰ የሚል ነው።

የክርስትና ስም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ከቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። የዓለም ስም ግን የሚወጣው ከቤት ነው። ለምን እንደወጣ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ የሚያውቁት እናት፣ አባትና አያት ናቸው። እነሱ ካለፉ ስሙ ይቀራል፣ ነገሩ ይጠፋል። ስንቱ ካሳሁን ነው የማን ካሳ እንደሆነ ሳይነገረው ያደገ!

ዝም የሚባለው በክፋት አይደለም። የሞተ ልጅ ስም ማንሳት ቁስል መነካካት ይመስላል፤ ልጁም «ምትክ ነኝ» ብሎ እንዳያዝን ይፈራል። ፍርሃቱ እውነት አለው። «እሱ ቢኖር ኖሮ» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ያላየውን ወንድሙን ዕድሜ ልክ ተሸክሞ ይኖራል።

ለዚህ መልስ ያለው ራሱ ቃሉ ውስጥ ነው። ለመሬቱ ካሳ የተቀበለ ገበሬ የድሮ ማሳውን መልሶ አላገኘም። ገንዘቡ ቢሞላ እንኳ አባቱ ያረሰው መሬት ከውኃው በታች ነው። በካሳው የሚጀምረው ሌላ ኑሮ ነው፣ እንደ ራሱ ሊያዝ የሚገባው። ልጅም እንዲሁ ነው። ካሳ የተባለው ልጅ ሟቹን ሆኖ እንዲኖር አልተወለደም፤ ቤቱ እንደገና እንዲስቅ ነው የመጣው። ሲነገረውም በዚህ መንገድ ቢሆን ይከብደዋል ብዬ አላስብም።

ዛሬ ወላጆች ለልጆቻቸው ሌላ ዓይነት ስም ቢመርጡ መብታቸው ነው። በየቤታችን ያሉትን የካሳንና የካሰችን ታሪክ መጠየቅ ግን የሚቀር ነገር አይደለም። አያቶች ሆይ፣ ያ ልጅ ከመወለዱ በፊት ማን እንደነበር፣ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ፣ ሲወለድ ቤቱ እንዴት እንደነበር ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው። ወላጆችም ከበዓል ምሳ በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጡና አስጠይቋቸው።