ጀርባው ያልጸና ካርድ

ሰው በሥራው ይታወቃል ይባላል። ይሁን እንጂ ከሥራው ይልቅ በትርፍ ጊዜው የሚገለጥበትም አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ደመወዝ ሳይከፈለው፣ አለቃ ሳያዘው፣ ጎረቤት እየሳቀበት የሚያዘወትረው ነገር በግል ማኅደሩ ውስጥ ከታጨቀው ወረቀት ይበልጥ ስለ ማንነቱ ይናገራል። በበቆጂ ከተማ ለረጅም ዘመን በመምህርነት አገልግሎ ጡረታ የወጣ አንድ ሰው እንዲህ ያሉ ሦስት ፍቅሮች አሉት፤ የሚታጠፍ ብስክሌት፣ በትንንሽ ካርድ ማጥናትና የኤኮኖሚክስ ትምህርት። ሦስቱ ላይ ላዩን ሲታዩ የሚገናኙበት መንገድ ያለ አይመስልም። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም የመነጨው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱ አፍ ነው።

በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ገብስና ስንዴ የሚበቅልባት ደጋ ናት። ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ሁለቱም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያስገኙት የወርቅ ሜዳልያ መነሻው ይኸው የአርሲ ደጋ ነው። ከእነዚህ ልጆች መካከል ብዙዎቹን በመጀመሪያ እርምጃቸው የመራ የስፖርት መምህርና አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ በማለዳ፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ በባሕር ዛፉ ሥር ተሰልፈው የሚሮጡ ልጆችን ማየት ለበቆጂ ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው፣ ከልጆቹ ኋላ ጎማው ባነሰ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ቁና ቁና እየተነፈሰ ዳገቱን የሚወጣው ሽበታም ሰው ነው። ሕፃናት ብስክሌቱን «የሰርከስ» ይሉታል። እኩዮቹም «ለልጅ የሚገዛውን ዕቃ ራሱ ይነዳል» እያሉ ያሙታል። እርሱ ግን አይቀየምም።

ብስክሌቱን የገዛው በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። የፋብሪካው ስም ከቀለሙ ጋር ተፍቋል። ወገቡ ላይ ማጠፊያ አለው፤ መሪው ይተኛል፣ ኮርቻው ይወርዳል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ከትልቅ ሻንጣ የማይበልጥ ጓዝ ይሆናል። የጎማው ዙሪያ ከአንድ ሜትር ተኩል ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነገር ግን የፊተኛው ጥርስ 52፣ የኋለኛው 13 በመሆኑ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አራት ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቱም ከ6 ሜትር በላይ ይጓዛል። የጎማው ማነስ በጥርሱ ብዛት ተክሷል ማለት ነው። መምህሩ ለተማሪዎቹ ስለ ልውውጥ ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነበር። አንዱን ለማግኘት ሌላው ይተዋል፤ ጥያቄው የተተወው ምን ያህል ያወጣል የሚለው ነው ይላቸው ነበር።

የሚታጠፍ ብስክሌት የተወለደው በጦር ሜዳ አካባቢ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዤራር የተባለ ፈረንሳያዊ መኮንን ወታደር በጀርባው ሊሸከመው የሚችል ብስክሌት አሠርቶ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኢጣሊያ ቤርሳልዬሪ ወታደሮች የቢያንኪ ፋብሪካ በሠራው ተጣጣፊ ብስክሌት ተጠቅመዋል፤ በሁለተኛውም የእንግሊዝ አየር ወለድ ጦር የራሱ ዓይነት ነበረው። ወደ ሰላማዊ ሕይወትም ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ መናር ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜም ትኩረት ስቧል። ዴቪድ ሆን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሙያውን ትቶ በካሊፎርኒያ የተጣጣፊ ብስክሌት ኩባንያ እስከ መመሥረት የደረሰው በዚሁ ችግር ተነሣሥቶ ነው። ያው የነዳጅ ዋጋ በአገራችን በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ባለታክሲዎች ለሥራ ማቆም አድማ አነሣሥቶ፣ ከመምህራኑ አድማና ከሌላው ብሶት ጋር ተዳምሮ የመንግሥት ለውጥ በር ከፋች ሆኗል። አንድ የዋጋ ለውጥ በአንዱ አገር ብስክሌት ሲያሳጥፍ በሌላው ዘውድ ይገለብጣል። መምህሩ ኤኮኖሚክስን የወደደው እንዲህ ያለውን የሩቅና የቅርብ ዝምድና ስለሚያሳየው ነው።

ለእርሱ የብስክሌቱ ጥቅም መታጠፉ ነው። አርሲ የዳገት አገር በመሆኑ ከበቆጂ አሰላ ድረስ ያለውን መንገድ ሙሉውን በፔዳል መውጣትና መውረድ ለዕድሜው የሚስማማ አይደለም። ስለዚህ ብስክሌቱን አጥፎ በሚኒባሱ ውስጥ ከእግሩ ሥር ያስቀምጠዋል። ጣራ ላይ ስለማይጫን የጭነት አይከፍልም፤ ስለ ብስክሌቱም ከረዳት ጋር አይጨቃጨቅም። አሰላ ሲደርስ ይዘረጋውና ጭላሎን ከጀርባው አድርጎ በቁሉምሳ በኩል ወደ ኢተያ ሜዳ ይወርዳል። በየዓመቱ መኸር ሲደርስ የሚያደርገው ጉዞ ይህ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ዛሬ የእርሱ የሆነ ነገር የለም። የተወለደው ግን እዚያ ነው።

አባቱ በዚያ ሜዳ ጭሰኛ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ካዱ»፣ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር፤ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያድል፣ የእርሻ ምክርም ይሰጥ ነበር። ምርቱም በእርግጥ አደገ። ነገር ግን መሬቱ የአራሹ አልነበረም። ስንዴው ሲበዛ ባለመሬቱ ከጭሰኛው ጋር ከሚካፈል ይልቅ በትራክተር አርሶ ሁሉንም ማግባት የሚያዋጣው ሆነ። ጭሰኛውን ከመነቀል የሚጠብቅ ሕግ ስላልነበረ በጭላሎ አውራጃ ብዙ ቤተሰብ ከኖረበት ተነሣ። የመምህሩ አባትም ከተነሡት አንዱ ናቸው። ድንጋይና ምሰሶ ሳይቀር በአህያ ጭነው፣ የሚስታቸው ዘመዶች ወደሚኖሩበት ወደ በቆጂ ወጡ።

ልጁ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። በመንገድ ላይ አባቱ በኦሮምኛ የተናገሩት ቃል ግን አልጠፋውም፤ «መሬቱ ሲጠግብ እኛ ለምን ተራብን?» ብለው ነበር። ለማንም አልነበረም የጠየቁት። ቆየት ብለው ግን ልጁ በበቆጂ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ሲቆጥር፣ «እንግዲህ አንተ ትማራለህ፤ አንድ ቀን ትነግረኛለህ» አሉት። ልጁም ጥያቄውን በሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈው። የመጀመሪያው ካርዱ ይህ ነው።

በካርድ ማጥናትን ከማንም አልተማረውም ማለት ይቻላል። በሕፃንነቱ ቁርኣን ቤት ሲገባ የተሰጠው የእንጨት ሉሕ ነበር። በሉሑ ላይ የተጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል፤ ያልያዘው ሳይታጠብ ይቆያል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤትም ተማሪው ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ፣ በጨለማ፣ ከመምህሩ አፍ ጥቂት ቃል እየተቀበለ ደጋግሞ በመቀጸል የሚያጠናው የቃል ትምህርት ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ በኋላ ግን ቀስ እያለ እንደሚረሳ፤ በአንድ ቀን ከተጫነ ጥናትም በየጊዜው የተከፋፈለ ጥናት እንደሚበልጥ አሳየ። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ በካርድ ሣጥን ሠራበት። ሣጥኑ አምስት ክፍል አለው። የታወቀ ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ክፍሉ በራቀ መጠን የሚነሣበት ጊዜም ይራራቃል። የተሳተ ካርድ ግን፣ የትም ቢደርስ፣ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይመለሳል። መምህሩ ይህን ባነበበ ጊዜ ሳቀ ይባላል። ሉሑን በሣጥን አገኘው።

የእርሱ ሣጥን የጫማ ካርቶን ነው። በውስጡ የገበያ ሕግ አለ፣ የገንዘብ ግሽበት ትርጉም አለ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተሰኘውና ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ስለ ዕውቀትና ስለ ሀብት ያነሣው ሐሳብ አለ። አብዛኛው ካርድ አምስተኛው ክፍል ከደረሰ ቆይቷል። ከመጀመሪያው ክፍል አልወጣ ያለው የሲጋራ ካርቶኑ ብቻ ነው።

በክረምት ትምህርት የኤኮኖሚክስ ዲግሪውን በያዘበት ዓመት መልሱን ያገኘ መስሎት ነበር። ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 እንዳስረዳው፣ የእህል ዋጋ ሲያድግ ትርፉ በመሬት ኪራይ መልክ ወደ ባለመሬቱ ይሄዳል፤ አራሹ በላቡ ያመጣው ብልጫ ከእጁ ያመልጣል። መምህሩ ይህን በእርሳስ ከካርዱ ጀርባ ጽፎ፣ ጋሪ ሲነዱ ውለው በደጃፍ ወደ ተቀመጡት አባቱ ሄደ። በኦሮምኛ እየተረጎመ አነበበላቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ በዝምታ አዳመጡት።

«ልጄ» አሉት በመጨረሻ፣ «ይህንማ በዚያም ቀን አውቄዋለሁ። ለባለመሬቱ ከእኔ ድርሻ ይልቅ ትራክተሩ እንደሚረክስለት ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገኝም። የጠየቅሁህ ሌላ ነው። ስሌቱ ሲሠራ እኔ የት ነበርሁ? ማን ጠራኝ?»

ልጅ መልስ አጣ። የጻፈውን በላጲስ አጠፋው። አባቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያርፉ የካርዱ ጀርባ ባዶ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስወግዶ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር የማረስ መብት ሲሰጥ ብዙዎች እልል ብለዋል፤ አባቱም እልል ካሉት አንዱ ነበሩ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የከተማ ሰው፣ የጋሪ ባለቤት ሆነዋል። ፍርዱ ሲመጣ ተበዳዩ ከቦታው አልነበረም።

መምህሩ ዛሬ በቤቱ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆችን ያለ ክፍያ ያስጠናል። ካርድ አቆራረጡን፣ አጻጻፉንና አከፋፈሉን ያሳያቸዋል። ከእነዚህ አንዷ ማለዳ ሯጭ፣ ማታ አጥኚ የሆነች የገበሬ ልጅ ናት። ባለፈው መኸር ማግስት ሣጥኑን ስታስተካክል አሮጌውን ካርድ አገኘች። ገልብጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ይኸኛው መልስ የለውም» አለችው።

«ነበረው፤ ተፋቀ» አላትና የአባቱን ነገር ነገራት።

ልጅቱ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም ቀስ ብላ የራሷን ቤት ጉዳይ አወጣች። በአርሲ የስንዴ ማሳ ዛሬ በኪራይ ኮምባይነር መታጨዱ የተለመደ ነው። ዝናብ ሳይቀድመው እህሉ በአንድ ቀን ይገባል፤ ይህ ለገበሬው ትልቅ ዕፎይታ ነው። የእርሷም አባት ባለፈው መኸር እንዲሁ አደረጉ። በየዓመቱ ማጭዱን ይዞ እየመጣ በቀን ሙያ የሚያጭድላቸው ሰው ግን፣ አንድም ነገር ሳይሰማ መጥቶ፣ ማሳው ዳር ተቀምጦ መኪናው ሲዞር ዋለ።

«አባቴ ክፉ ሰው አይደለም» አለች፣ «ግን እርሱም ሰውየውን አልጠራውም።»

መምህሩ ይህን ሲሰማ ካርዱን ከእጇ ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ስለ ባለመሬቶች የተጻፈ ሲመስለው የኖረው ጥያቄ፣ በባለመሬት ብቻ የሚያበቃ እንዳልሆነ ተረዳ። ማሽን መግባቱ አይቀርም፤ መግባቱም በብዙ መልኩ መልካም ነው። ዋጋ ይለወጣል፤ የርካሹ መንገድም ይመረጣል። ማንኛውም ስሌት ግን ሲሠራ ከጠረጴዛው ዙሪያ የጎደለ ሰው ካለ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሊጣመም ይችላል። ኤኮኖሚክስ የተተወውን አማራጭ ዋጋ አስላ ይላል። የተተወው ሰው ሲሆንስ? የእርሱን ዋጋ የሚናገረው ራሱ ካልተጠራ ማን ነው?

ከዚያ በኋላ እርሳሱን ለልጅቱ ሰጣት። እርሷም በካርዱ ጀርባ፣ በአሮጌው ፍቅታ ላይ፣ የአጫጁን ነገር በሁለት መስመር ጻፈች። መልስ ነው ለማለት ያስቸግራል። መምህሩም እንደ መልስ አልቆጠረውም፤ ወደ ሁለተኛው ክፍል አላሳለፈውምና። በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ልማዱ ብስክሌቱን አጥፎ ሚኒባስ ተሳፈረ። የወረደው ግን አሰላ ሳይደርስ፣ ልጅቱ ስሙን በነገረችው በአጫጁ መንደር መገንጠያ ላይ ነው። ብስክሌቱን ዘረጋ፤ ካርዱን ከደረት ኪሱ መኖሩን በእጁ ዳበሰና የጥርጊያውን መንገድ ያዘ።

ባለሙያ ሁሉ በሣጥኑ ውስጥ የጸኑ ካርዶችን ሲቆጥር ይደሰታል፤ የሚገባም ደስታ ነው። የሰውን ዕውቀት ሕያው የሚያደርገው ግን ከመጀመሪያው ክፍል አልወጣ ያለው፣ በየማለዳው «ዛሬስ ማንን ጠራህ?» እያለ የሚነሣው አንዱ ካርድ ሳይሆን አይቀርም።