የአያትየው ፊት

በ1999 ዓ.ም. አሶሳ ላይ ሰርግ እቀርጽ ነበር። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ ጥቂት ሚኒ ዲቪ ካሴቶችና አንድ ኮምፒውተር ነው። ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀኝም አንድ ነገር፤ «ሲዲው መቼ ይደርሳል?»

አይደርስማ! ማታ ሬንደር፣ ማለትም ቪዲዮውን ለሲዲ መጨመቅ፣ ጀምሬ እተኛለሁ፤ ሌሊት መብራት ይሄዳል፤ ጠዋት እንደገና ከዜሮ።

ሌሊቱን የሚበላው ፍለጋ ነበር። በሲዲ የምሰጠው ቪዲዮ (ቪሲዲ) ሥዕሉ 352 በ288 ነጥብ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም። ሳይጨመቅ ቢቀመጥ አንድ ሲዲ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ማሽኑ ፍሬሙን 16 በ16 በሆኑ 396 ካሬዎች ይከፋፍልና እያንዳንዱን «ቀድሞ የት ነበርክ?» እያለ ባለፈው ፍሬም ላይ ያስሰዋል። ካገኘው ሥዕሉን ደግሞ አይጽፍም፤ የሄደበትን አቅጣጫና ርቀት፣ ከቀረችው ልዩነት ጋር ይመዘግባል። በየአቅጣጫው እስከ 7 ነጥብ ልፈልግ ካለ ግን ለአንዷ ካሬ 225 ቦታ ማየት አለበት፤ በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን በላይ ማነጻጸር ማለት ነው።

አቋራጭ አለው። ኮጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት የሦስት እርምጃ ፍለጋ መጀመሪያ ተራርቀው የተቀመጡ 9 ቦታዎችን ያያል፤ ከሁሉ የተሻለውን ይዞ ዙሪያውን እያጠበበ ሁለት ጊዜ ስምንት ስምንት ይጨምራል። 225ቱ ፍለጋ 25 ሆነ! ችግሩ፣ በመጀመሪያው እርምጃ የሳተ በቀሩት ሁለቱ አይመለስም።

የእኔም ሶፍትዌር «ፈጣን» የሚል ምርጫ ነበረው። አንድ የበርታ ሰርግ ላይ እሱን ነካሁ። ከማንጎው ሥር ዋዛ ይነፋል፤ ረጃጅሞቹ የቅል መለከቶች አንዱ ሌላውን ይመስላሉ፤ ነፊዎቹ ይዞራሉ፤ ከኋላ ቅጠሉን ነፋስ ያርገበግበዋል። ለፈጣን ፍለጋ ከዚህ የባሰ ወጥመድ የለም። ማሽኑ ያንዱን መለከት ከጎረቤቱ እያምታታ፣ በጠባቧ ሲዲ ላይ ስህተቱን የሚያርምበት ቦታ አጥቶ ሥዕሉን ከታተፈው።

ከነፊዎቹ አንዱ የሙሽራው አያት ነበሩ። ቪዲዮውን አይተው ሳቁና «ልጄ፣ ዋዛ ስነፋ ፊቴን ማን ወሰደው?» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። በሙሉ ፍለጋ ብደግመው ሁለት ሌሊት ቢፈጅ ነው፤ ግን ሌላ ሰርግ ደርሶብኝ ነበር። ካሴት ውድ ስለነበርም አዲሱን ሰርግ በዚያው ካሴት ላይ ቀረጽሁት።

ዛሬ ይህን ፍለጋ የስልክ ቺፕ እየቀረጸ ይጨርሰዋል፤ ያውም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ባለው ፍሬም ላይ። በቀደም የልጅ ልጃቸው ያችን ሲዲ ይዞ መጣ። አያትየው አርፈዋል፤ ሌላ ቪዲዮ የላቸውም።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ሁሉ ነገር ፈጣን ነው። ፊታቸውን ብቻ አውጣልኝ።»

ፊት የሚሠራ ሶፍትዌርማ አለ፤ የሚሠራው ግን የእሳቸውን አይደለም። ሲዲውን ከፍቼ ዋዛው ጋ ስደርስ አቆምሁት። እሳቸው በቆሙበት ቦታ ካሬዎች አሉ።

«መብራት ሄዶብህ ነበር እንዴ?» አለኝ ልጁ።

የዚያን ሌሊት መብራት አልሄደም ነበር።