የሾፌሩ ፈተና በራቤል መንገድ

አንባቢ ሆይ! ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር ወረዳ ሲላኩ ጋቢና ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጥዎ አይቀርም። መኪናው ከወንዝ አፋፍ ሲደርስ ሽማግሌው ሾፌር ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ውሃውን በዱላ እየለኩ ሲሻገሩ ያያሉ። ያን ጊዜ ሰዓትዎን ተመልክተው «ምነው ጋሼ፣ እንፍጠን እንጂ» ማለት ያሰኝዎ ይሆናል። እባክዎ አይበሉ። ምክንያቱን ላጫውትዎ።

በእንግሊዝ አገር ሰዎች ያረጀ መኪና ይዘው፣ ጭቃና ዳገት መርጠው የሚፈተኑበት «ትራያል» የሚባል ውድድር አለ። «ላንድስ ኤንድ» የሚባለው ዝነኛው ትራያል የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚህ ውድድር የሚያሸንፈው ፈጣኑ አይደለም። ዳገቱ ላይ ችካል ይተከላል፤ ዳኛም ይቆማል። መኪናው ሳይቆም ከዘለቀ አለፈ፤ ከቆመ ወይም ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ወደቀ። በብዙዎቹ ትራያሎች ተወዳዳሪው አስቀድሞ ቦታውን በእግሩ እየሄደ እንዲመረምር ይፈቀድለታል። እንግዲህ የእኛ ሾፌር ወንዝ ውስጥ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አስገባ፤ ዐፄ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ለመኪና የተሠራ መንገድ ባልነበረበት ዘመን ነውና፣ ከዚያ የበለጠ ትራያል ከየት ይመጣል?

እኔ የማስተምርበት ራቤል ከመሐል ሜዳ ወዲያ ነው። መንገዱ ጓሳን ያቋርጣል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የመንዝ ሰው ሣሩን በሥርዐት ጠብቆ ያቆየው ምድር ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሲሶ ያህል ይጎድላል። ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። በተለይ ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሐምሌ ሲገባ በዚህ ላይ ጭቃውንና ጉሙን ይጨምሩበት።

ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ለገበሬ ታስቦ የወጣ መኪና ነው። አሮጌዎቹ ከዋናው ማርሽ ሌላ ሁለት ዘንጎች አሏቸው። ባለ ቢጫ ራሱ ሲጫን የፊቱ ጎማ ከኋላው ጋራ አብሮ ይጎትታል፤ ባለ ቀይ ራሱ ወደ ኋላ ሲሳብ ማርሹ ሁሉ ይከብድና መኪናው እንደ በሬ ቀስ ብሎ፣ ግን በሙሉ ጉልበቱ ይሄዳል። በክፍል ውስጥ ስለ ማርሽ ጥርስ ሳስተምር ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ይህን ቀይ ዘንግ ስጠቅስ ተማሪዎቼ ፈጥኖ ይገባቸዋል።

አንድ ጊዜ ሽበታም ሾፌር ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲረግጡ ስላላየሁ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አይሠራም እንዴ?»

«ይሠራል መምህር። በጭቃ ቁልቁለት ፍሬን የረገጠ ግን መኪናውን ለጭቃው ሰጠው። እኔ በአንደኛ ማርሽ ለሞተሩ ትቼዋለሁ፤ ፍሪሲዮንም አልነካም።»

ይህ ፊዚክስ ነው። የታሰረ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ ለመሪ አይታዘዝም። እርሳቸው ግን ፊዚክስ ክፍል ገብተው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ዕውቀት እንደ ባለሙያ ዕውቀት አለማክበራችን ያሳዝነኛል፤ ዲፕሎማ የያዘው ወጣት (እኛው ነን) ሾፌርን ማጣደፍ ሥልጣን ይመስለዋል። በእንግሊዞቹ ውድድር ያቃተው መኪና በገመድ ተስቦ ይወጣል፤ ባለቤቱም ጭቃውን አራግፎ ነጥቡን ይቆጥራል። በእኛ መንገድ ግን ከኋላ አግዳሚው ላይ ምጥ የያዛት ሴት ልትኖር ትችላለች። መኪናው ቢገለበጥ ነጥብ ቀንሶ የሚያሰናብት ዳኛ የለም።

ስለዚህ ሾፌሩ ሲወርዱ አብረው ይውረዱ። ውሃው የሚጠልቀው የት እንደ ሆነ፣ ድንጋዩ ልሙጥ ይሁን ሻካራ፣ መውጫው ላይ ያለው ጭቃ ጎማውን እስከ የት እንደሚውጠው ይጠይቋቸው፤ ማስታወሻ ደብተርዎንም ያውጡ። ዳገቱ ላይ ደግሞ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎን ከጎን ሲሮጥ ያዩታል። መኪናው ቢቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚወሽቀው እርሱ ነው። ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ነገር ግን የመኪናው ጎን ሁለት ነውና፣ አንዱን ታኮ እርስዎ ቢይዙለት አይከፋውም።